የፈራ ሹፌር ጥያቄና የተከተሉት 34 ምላሾች

ክሩን፣ ማለት በመንፈሳዊ የኢንተርኔት መድረካችን ላይ የተከታተለውን ጥያቄና መልስ፣ የከፈተው የከባድ መኪና ሹፌር ነው። የመድረካችን አባል ከሆነ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ እስከዚያች ሌሊት ድረስ ግን የሌላውን ጽሑፍ አንብቦ ከማለፍ በቀር አንዲት መስመር ጽፎ አያውቅም ነበር። ጥያቄውን የላከው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መሆኑን አወያይ ስለሆንሁ ልብ ብዬ አይቻለሁ።

ለ16 ዓመት ተሳቢ ነድቷል። ከጥቂት ወራት በፊት ሲሚንቶ ጭኖ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ፣ ቁልቁለቱን ሳያጋምስ ፍሬኑ ጋለና ቢረገጥ ቢረገጥ አልይዝ አለ። ጋቢናው በተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ተሞላ፤ ረዳቱ የበሩን እጀታ ጨብጦ የእመቤታችንን ስም ይጠራ ነበር። ሹፌሩ መሪውን ከገደሉ ወደ ተራራው ጥግ መልሶ፣ መኪናውን ከአለቱ ጋር እያፋተገ አቆመው። የሞተም የቆሰለም የለም። ይሁን እንጂ ከዚያን ቀን ጀምሮ መሪ ሲይዝ መዳፉን ያልበዋል፣ ደረቱን ይጨንቀዋል፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ማንም ሳይቀሰቅሰው ነቅቶ ልቡ ሲደልቅ ያድራል። ሚኒባስ ውስጥ ተሳፍሮ እንኳ ቁልቁለት ሲመጣ እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጣል።

በመኪናው የፊት መስታወት አናት ላይ ከ90ኛው መዝሙር የተወሰደ ቃል ተለጥፎ ነበር፤ ወደ በረሃው ከመውረዱ በፊትም ሁልጊዜ ይደግመው ነበር። አሁን ያልገባው መዝሙሩ ስለ ምን እንዳልጠበቀው፣ ወይም ጠብቆት ከሆነ እርሱ ስለ ምን አሁንም እንደሚፈራ ነው። የንስሐ አባቱ ዳዊቱን እንዳያቋርጥ መክረውታል፤ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የሚያመልከው የሚስቱ ወንድም ደግሞ ፍርሃትና እምነት በአንድ ቤት አብረው እንደማያድሩ ነግሮታል። የመኪናው ባለቤት እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተመለሰ ሌላ ሹፌር እንደሚቀጥር አስታውቆታል። ስለዚህ ፍርሃቱ የእምነት ጉድለት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ከእኛ መስማት ፈለገ።

ከ1ኛው እስከ 3ኛው ያሉት ምላሾች ደግም አጭርም ነበሩ። አንዱ ፊልጵስዩስ 4፥6ን፣ ሌላው 1ኛ ጴጥሮስ 5፥7ን፣ ሦስተኛው ኢሳይያስ 41፥10ን አስቀምጦ፣ አይዞህ ብሎት ሄደ። ጠያቂው ሦስቱንም በቃሉ ሊያውቃቸው እንደሚችል የጠረጠረ አልነበረም።

4ኛው ጸሐፊ አትፍራ የሚለው ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ለዓመቱ ቀናት ልክ 365 ጊዜ እንደተጻፈ አበሠረ። ይህን አባባል በስብከትም በፖስተርም ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። 5ኛው ግን በስልኩ የ1954ቱን የአማርኛ ትርጉም ከፍቶ አትፍራን፣ አትፍሪንና አትፍሩን አንድ በአንድ ፈልጎ ቢደምር ከግማሹም እንዳልደረሰለት በትሕትና አሳወቀ። ከዚያ ያስከተለው ሐሳብ ከቁጥሩ ይልቅ ይጠቅም ነበር፦ ቃሉ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው አስቀድሞ ለፈራ ሰው ነው። ጌዴዎን፣ እመቤታችን፣ የቤተ ልሔም እረኞች ሁሉ ይህን ቃል የሰሙት ደንግጠው ሳሉ ነው፤ መልአኩም ስለ ምን ደነገጣችሁ ብሎ አልወቀሳቸውም።

የክሩ መልክ የተለወጠው በ6ኛው ነው። ጸሐፊው ማባበል እንደሰለቸው ገልጾ፣ ጌታ በታንኳይቱ ውስጥ ለደቀ መዛሙርቱ የተናገረውን ተግሣጽ አነሣ፤ እምነት የጎደላቸው ስለ ፈሩ ነውና፣ ሹፌሩም ጥያቄውን ትቶ ንስሐ ቢገባ ይሻለዋል አለ። 7ኛዋ ጸሐፊት ወንጌሉን በጥንቃቄ ያነበበች ሰው ናት። በማቴዎስ 8 ተግሣጹ ማዕበሉ ጸጥ ከማለቱ በፊት ሲመጣ፣ በማርቆስ 4 ግን ጌታ አስቀድሞ ነፋሱን ገሥጾ ከዚያ በኋላ እንደጠየቃቸው አመለከተች። በሁለቱም ወንጌሎች፣ አለች፣ ስለ ፈራ ከታንኳይቱ የተጣለ ሰው የለም፤ ማዕበሉም የፈሪዎቹ እምነት እስኪሞላ ድረስ አልተጠበቀም።

8ኛው ዲያቆን ነው፤ ወደ ጌቴሴማኒ ወሰደን። ማርቆስ 14፥33 ጌታ ሊደነግጥና ሊተክዝ እንደጀመረ ይናገራልና መደንገጥ በራሱ ኃጢአት ሊሆን አይችልም የሚል ነው ነጥቡ። 9ኛው ይህን የጌታን አምላክነት ማሳነስ አድርጎ ቆጠረውና ክርክሩ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ወደሚነሣው የቆየ ሙግት ሊንሸራተት ሆነ። ሁለት ጽሑፎችን አጠፋሁ፤ በቁጥሩ ውስጥ አልገቡም። 10ኛው ምላሽ ዕብራውያን 4፥15ንና 5፥7ን አንብቦ፣ በብርቱ ጩኸትና በእንባ የጸለየ ሊቀ ካህናት በድካማችን ሊራራልን እንደሚችል በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፈና ነገሩን አበረደው።

እስከዚህ ድረስ ስለ ሰውዬው መኪና የጠየቀ አልነበረም። 11ኛው ጠየቀ። በሚሌና በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ ሹፌር ነው፤ ሰላምታው እንኳ ችኩል ነበር። በስንተኛ ማርሽ ወረድህ? ሸራው የተቀየረው መቼ ነው? ክብደቱ ስንት ነበር? የጫነ መኪና አንድን ዳገት በወጣበት ማርሽ ያንኑ ቁልቁለት መውረድ እንዳለበት፣ ሞተሩ መያዝ ያለበትን ጭነት እግር ፍሬን ብቻውን ከያዘው መጋሉ እንደማይቀር፣ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ደግሞ ይህን የረሳ ሰው በረሃው ራሱ እንደሚያስታውሰው ዘረዘረ። 12ኛው ተቆጣ፤ ይህ የመንፈሳዊ ነገር መድረክ እንጂ ጋራዥ አይደለም ብሎ፣ የነፍስ ጥያቄን በማርሽ የሚመልስ ሰው ቦታ እንደተሳሳተ ነገረው። እኔ በበኩሌ ሹፌሩን እንደ ሰው የሰማው የመጀመሪያው መልስ 11ኛው ነበር ባይ ነኝ።

13ኛው 12ኛውን ሳይሰድበው መለሰለት። የኢየሩሳሌም ቅጥር ሲሠራ ጠላቶች በዙሪያው በተማከሩ ጊዜ ነህምያና ሕዝቡ ሁለት ነገር እንዳደረጉ በ4፥9 ተጽፏል፦ ወደ አምላካቸው ጸለዩ፣ ቀንና ሌሊትም ጠባቂ አቆሙ። ጠባቂ ማቆማቸው ጸሎታቸውን እንዳላፈረሰው ሁሉ ሸራ መቀየርም ዳዊትን አያፈርስም ሲል ደመደመ።

14ኛው ያው ዲያቆን ነው፤ በእኔ ግምት የክሩ ልብ ይህ ምላሽ ነው። 90ኛው መዝሙር ከሌሊት ግርማ፣ በቀን ከሚበር ፍላጻና ከቀትር ጋኔን ስለሚጠብቅ አምላክ ይናገራል፤ መላእክት በመንገድ ሁሉ እንደሚጠብቁና እግር በድንጋይ እንዳይሰናከል እንደሚያነሡም ይናገራል። ይህንኑ ቃል ግን በወንጌል ውስጥ ጠቅሶ የምናገኘው ዲያብሎስን ነው፤ ጌታን በመቅደሱ ጫፍ አቁሞ ራሱን ወደ ታች እንዲወረውር የጋበዘው በዚሁ መዝሙር ነው፤ መልሱም አምላክህን አትፈታተነው የሚል ነበር። ዲያቆኑ ከዚህ በኋላ ረጋ ብሎ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው፦ በዚያን ቀን ያን ቃል ሲደግም ተማምኖ ነበር የደገመው ወይስ እየተፈታተነ?

ጥያቄው ከባድ ነበር፤ እኔም ሹፌሩ ቅር ብሎት ይሄዳል ብዬ ሰጋሁ። ከሁለት ቀን በኋላ በ15ኛው ምላሽ ተመለሰ። በመጀመሪያው ጽሑፉ ያልነገረን ነገር ነበረው። ከመነሣታቸው በፊት መካኒኩ ሸራው ማለቁን ነግሮታል፤ ለመኪናው ባለቤት ቢያሳውቅ አንድ ጉዞ ብቻ ጨርስና ይቀየራል ተባለ፤ እርሱም የቀኑ አበል እንዳይቀርበት ዝም አለ፣ ወደ ተለጣፊው ቀና ብሎ አማተበና ሞተሩን አስነሣ። ረዳቱ የ19 ዓመት ልጅ ነው፣ ስለ ሸራው የነገረውም አልነበረም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚታየው ገደሉ ሳይሆን የዚያ ልጅ እጅ በበሩ እጀታ ላይ እንደሆነ ጻፈ።

ከዚህ በኋላ ለግማሽ ቀን የጻፈ አልነበረም። 16ኛዋ፣ በመድረኩ ሁላችንም እማማ የምንላቸው እናት፣ ዝምታውን ሰበሩት። ይህ ጭንቀት ብቻ እንዳይደለ፣ ከፊሉ ኅሊና እንደሆነ፣ ኅሊና ደግሞ በማጽናኛ ጥቅስ እንደማይተኛ ጻፉለት። ወደ ንስሐ አባቱ ሲሄድ ፍርሃቱን ብቻ ሳይሆን ሸራውንም እንዲናገር፣ ከዚያም ልጁን ቁጭ አድርጎ ይቅርታ እንዲጠይቀው መከሩት። አንቺም አንተም ሳይሉ፣ ልጄ እያሉ ነው የጻፉት። (6ኛው ጸሐፊ ንስሐ ሲል እርሱም ይህንኑ ማለቱ እንደነበረ ኋላ ሊከራከር ሞክሮ ነበር፤ አልነበረም።)

17ኛው የወንጌላውያን አገልጋይ ነው፤ የሚስቱ ወንድም ስለ ነገረው ቃል በጨዋነት ጻፈ። 2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥7 ስለ ፍርሃት መንፈስ የሚናገረው ጳውሎስ ታስሮ ሳለ ለአገልግሎት ለሚሳቀቅ ወጣት እንደሆነና የፈራን ሁሉ ለመገሠጫ እንዳልተሰጠ አስረዳ። ይኸው ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ በድካምና በፍርሃት፣ በብዙ መንቀጥቀጥም እንደመጣ በ1ኛ ቆሮንቶስ 2፥3 ይናገራል፤ በ2ኛ ቆሮንቶስ 7፥5ም በውጭ ጠብ በውስጥ ፍርሃት እንደነበረበት ይመሰክራል። ክፉ መንፈስ ሰውን ሊያስጨንቅ እንደሚችል አልካደም፤ ሸራ ያለቀበትን ሰው ግን ከመንፈስ በፊት ሸራው ይመለከተዋል አለ። በመጨረሻ መዝሙሩ 91ኛ እንጂ 90ኛ እንዳልሆነ አከለ፤ ይህ ደግሞ 18ኛውን ጠራ። የግእዙ ዳዊት እንደ ሰብዓ ሊቃናት (እንደ ጥንቱ የግሪክ ትርጉም) 9ኛውንና 10ኛውን መዝሙር በአንድ ስለሚቆጥር ከዚያ በኋላ ያለው አብዛኛው ቁጥር በአንድ እንደሚያንስ፣ ሁለቱም ልክ እንደሆኑ ገለጸ። መልካም ነበር፤ ባይረዝም።

19ኛዋ ጸሐፊት በአንድ የባሕረ ሰላጤ አገር በሰው ቤት ትሠራለች፤ ስልኳ የሚሰጣት ማታ ነው። ስለ ነገረ መለኮቱ ምንም አልተናገረችም። እርሷም በዚያው ሰዓት እንደምትነቃ፣ ለረጅም ጊዜ ፍርሃቱ እንዲሄድላት እየለመነች ተጋድማ እንደቆየች፣ ተጋድማ በለመነች ቁጥር ግን እየበረታባት እንደሄደ ጻፈች። አሁን ትነሣለች። ፊቷን ትታጠባለች፣ ነጠላዋን ትለብሳለች፣ በማድ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣ የዕለቱን ዳዊት በስልኳ ብርሃን ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ታነባለች፤ ያን ሌሊት ረቡዕ ስለነበር ከ61 እስከ 80 ያለውን። መጀመሪያ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። አንዳንድ ቀን እስከ መጨረሻው ይንቀጠቀጣል፤ ያም ሆኖ ትጨርሰዋለች። ሲነጋ የሚጠብቃት ሥራ ያው ነው።

20ኛዋ ነርስ ናት። እንዲህ ያለ ድንጋጤ ከአንድ ወር በላይ ሲቆይ፣ እንቅልፍ ሲነሣና ሥራ ሲከለክል ሐኪም ሊያየው እንደሚገባ፣ ሕክምናውም ሰዎች ስሙን ሰምተው በሚሸሹት በአማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ሳይሆን የአእምሮ ሕክምና ክፍል ባላቸው ሌሎች ሆስፒታሎችም እንደሚሰጥ ጻፈች። 21ኛው ነገሩን ወዲያው አከረረው፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ በጸሎት ተስፋ መቁረጥ ነው አለ፤ ነርሷንም እምነቷን ጠየቃት። ይህ አነጋገር ከመድረኩ ሥርዓት ውጭ ስለነበር አስጠነቀቅሁት።

22ኛው መልስ ጽኑ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ሕሙማን የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን እየተዉ ጸበል ብቻ ይዘው በቀሩበት ጊዜ፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑና እንደማይጋጩ በይፋ መናገራቸውን አስታወሰ፤ ባለ መድኃኒትን ማክበር የሚያዝዘውን የሲራክን 38ኛ ምዕራፍም ጨመረ። 23ኛው ሲራክ ወንጌላውያን በሚቀበሏቸው 66 መጻሕፍት ውስጥ የለም አለ። 24ኛው እንግዲያው በኦርቶዶክሱ 81ዱም በ66ቱም ውስጥ ያለውን ልንገርህ ብሎ የተወደደውን ባለ መድኃኒት ሉቃስን ከቆላስይስ 4፥14 አመጣለት፤ በዚያው አቆሙ።

ዲያቆኑ በ25ኛው ሦስተኛ ጊዜ ተመለሰ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ404 ከቁስጥንጥንያ ተሰድዶ ሳለ ለዲያቆናዊት ኦሎምፒያስ የላካቸው 17 ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ኦሎምፒያስ በኀዘን ተሰብራ ነበር፤ እርሱም ኀዘንዋን እንድታሸንፍ ረጅም መንፈሳዊ ምክር ጻፈላት። በአንደኛው ደብዳቤ ግን የተካኑ ሐኪሞችን እንድታማክርና መድኃኒት እንድትወስድ ይለምናታል፤ እርሱ ራሱ ሆዱን በታመመ ጊዜ አንዲት እመቤት የላከችለት መድኃኒት በሦስት ቀን እንዳሻለው ይነግራታል። 21ኛው ለዚህ መልስ አልሰጠም።

26ኛውን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ አወያይ ዝም ቢል ይመረጣል፣ ዝም ማለት ግን አልቻልሁም። ከጥቂት ዓመት በፊት የናሙና ምርመራ ውጤት ስጠብቅ ለዘጠኝ ቀን መጸለይ አቃተኝ። አቡነ ዘበሰማያትን ጀምሬ ፈቃድህ ይሁን ከሚለው ላይ ስደርስ አፌ ይያዝ ነበር፤ ፈቃዱን ፈራሁት። አክስቴ ማታ ማታ እየመጣች አጠገቤ ቆማ በእኔ ፈንታ ትጸልይ ነበር፤ የእኔ ድርሻ አሜን ማለት ብቻ ነበር፣ እርሱንም አንዳንዴ ረስቼዋለሁ። በማርቆስ 2 ጣሪያውን ነድለው ሽባውን ያወረዱትን አራቱን ሰዎች ያስተዋልሁት ያን ጊዜ ነው፦ ጌታ ያየው የእነርሱን እምነት ነው ይላል፤ አልጋው ላይ የተኛው ሰው ምን ያህል ያምን እንደነበር አልተጻፈም። ሹፌሩ በራሱ ውስጥ እምነት ሲፈልግ ባያገኝ ለጊዜው በሰው ጫንቃ ሊሄድ እንደሚችል ጻፍሁለት።

በ27ኛው እማማ በልቷል ወይ ብለው ጠየቁ። ኤልያስ ኤልዛቤልን ፈርቶ ሸሽቶ በክትክታ ዛፍ ሥር ሞትን ሲለምን መልአኩ አልሰበከውም፤ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አቀረበለት፣ በላ፣ ተኛ፣ ደግሞም ቀስቅሶ አበላው። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ኮሬብ 40 ቀን የሄደው። ሚስቱ ማታ አጥሚት እንድትሠራለት አዘዙ፤ አወፋፈሩንም ዘርዝረው ጻፉ።

ከ28ኛው እስከ 31ኛው ባለው ውስጥ አንድ ሰው ስለ አጥሚቱ ማር ጠየቀ፣ ሌላው የቅባት ማስታወቂያ ለጠፈ፣ 6ኛው ጸሐፊ ራሱን ተከላከለ፣ አንዱም ይኸ ሁሉ ለምን ረዘመ አለ። በ32ኛው የጅቡቲው ሹፌር እንደገና ቀርቦ፣ ጠያቂው ዝግጁ በሆነ ጊዜ ጋቢናው ውስጥ አብሮት ሊቀመጥና በረሃውን አብሮት ሊወርድ እንደሚችል ነገረው። 33ኛው የጋራዡ ተቆጪ፣ 12ኛው ነበር፤ ይቅርታ አልጠየቀም፣ ነገር ግን የራሱን መኪና ፍሬን እንዳስፈተሸ ጽፏል።

34ኛው የሹፌሩ ነው። ሸራው ሳይቀየር እንደማይነዳ ለመኪናው ባለቤት ነገረው፤ ባለቤቱም ሌላ ሹፌር ቀጠረ። የንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዷል። ለረዳቱም ሁሉንም ነገረው፤ ልጁ ብዙ ዝም ካለ በኋላ ተነሥቶ ወጣ፣ እስካሁንም ስልክ አላነሣለትም። ለሐኪም ቀጠሮ ይዟል። ባለፈው ቅዳሜ ብቻውን በአውቶቡስ ወደ ደጀን ሄደ፣ ለምንም ጉዳይ አልነበረም። ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጠ። ጎሃ ጽዮንን አልፈው ጫፉ ላይ ሲደርሱ ሹፌሩ አማተበ፣ ወዲያውም ማርሽ ቀነሰ፤ የሞተሩ ድምፅ ሲከብድ ጆሮው ሰማው። መዳፉን እስከ ድልድዩ ድረስ አልቦታል። ደጀን ወርዶ ሻይ ጠጣና በዚያው ቀን ተመለሰ።

አሁንም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነቃል፤ ተነሥቶ የዕለቱን ዳዊት ማንበብ ጀምሯል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለውን ክፍል አግኝቶታል፤ የእሑዱን ግን 19ኛዋን እኅት ጠየቃት። ሌሎቻችን ልንነግረው እንችል ነበር፤ ማንም አልመለሰም። ጥያቄው የተለጠፈው ረፋድ ላይ ነው፣ እርሷ ደግሞ ስልኳን የምታገኘው ማታ ነው።